ምን ልርዳ? ሰውነቱ በድንገት አልታዘዝ ላለው ጓደኛ ስለመድረስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጓደኛችን ጊያን-ባሬ በሚባል የነርቭ በሽታ የታመመ ሰሞን ስልኬ አላርፍ አለ። የሥራ ባልደረቦቹ፣ ጎረቤቶቹ፣ ኳስ አብረውት የሚጫወቱት ይደውላሉ። የልጆቹ አስተማሪ እንኳ ሳትቀር ደወለች። ሁሉም የሚጠይቀው ያንኑ ነው፤ እኔም ያንኑ እመልሳለሁ። ቆይቶ ደግሞ ዘመዳቸው በዚሁ በሽታ የተያዘባቸው ሰዎች «እናንተ እንዴት አደረጋችሁ?» እያሉ ይደውሉልኝ ጀመር። ይህን የጻፍኩት ለእነሱ ነው።

ሐኪም አይደለሁም። ከ11 ሰዎች ጋር ተራ እየገባሁ ጓደኛዬን ያስታመምኩ ሰው ነኝ። የሕክምናውን ነገር የተማርኩት ሐኪሞቹን እየነዘነዝኩና እያነበብኩ ነው። የእናንተ ሐኪም የሚላችሁ እኔ ከምላችሁ ይበልጣል።

ትናንት ደህና የነበረ ሰው እንዴት ዛሬ አልጋ ላይ ይቀራል?

በሽታው ጊያን-ባሬ ሲንድሮም ይባላል። ሐኪሞች በአጭሩ ጂቢኤስ ይሉታል። ከጀርም የሚከላከልልን የሰውነታችን ኃይል ተሳስቶ የገዛ ነርቮቻችንን ያጠቃል። የሚጎዱት ከአንጎልና ከህብለ ሰረሰር ወጥተው ወደ እግር፣ ወደ እጅና ወደ ፊት የሚሄዱት ናቸው። ነርቭን እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ አስቡት። ብዙ ጊዜ የሚላጠው ልባሱ ነው፤ ማይሊን ይባላል። ልባሱ ሲላጥ መልእክቱ ይዘገያል፣ ወይም ጭራሽ አይደርስም። አንዳንዴ ግን ሽቦው ራሱ ይበጠሳል። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የእኛ ሰው ሰኞ ዕለት «ይሄ ጫማ ጠበበኝ መሰለኝ» አለ። የእግሩ ጣቶች ደንዝዘው ነበር። ማክሰኞ ደረጃ ሲወጣ መደገፊያውን ጨበጠ። ረቡዕ ከወንበር ለመነሳት ሁለቴ ሞክሮ ተቀመጠ። ዓርብ ስልኩን ማንሳት አቃተው። ብዙዎችን የሚጀምራቸው እንዲህ ነው፤ ከእግር ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል። ድክመቱ አብዛኛውን ጊዜ በ2 ሳምንት፣ ቢበዛ በ4 ሳምንት ጫፍ ይደርሳል። ከዚያ ለቀናት ወይም ለሳምንታት ባለበት ይቆማል። መመለስ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

እንዲህ ያለ ምልክት ያያችሁበት ሰው ካለ «እስኪ ይደርና እናያለን» አይባልም። ያኑ ዕለት ሆስፒታል ውሰዱት። ድክመቱ ትንፋሽ ላይ ሊደርስ ይችላል። ከ100 ታማሚዎች ከ20 እስከ 30 የሚሆኑት በመተንፈሻ ማሽን መረዳት ያስፈልጋቸዋል። ሐኪሞቹ በአንድ ትንፋሽ ቁጥር እንዲቆጥር ሲያደርጉት አይተን ጨዋታ መስሎን ነበር። ለካ የደረቱን ጉልበት እየለኩ ነው።

ስትሮክ አይደለም? ፖሊዮስ ቢሆን?

ስትሮክ ብዙውን ጊዜ አንድ ጎን ይመታል፤ የሚመታውም በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ይህኛው ሁለቱንም ጎን ይይዛል፤ ቀናትም ይፈጃል። ሐኪሙ ጉልበቱን በመዶሻ መታ ሲያደርገው እግሩ ካልተወራጨ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ከጀርባ በመርፌ የሚወሰደው ፈሳሽ ላይ ፕሮቲን በዝቶ ነጭ የደም ሕዋስ አለመብዛቱ ሌላ ምልክት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ግን ይህ ውጤት ደህና መስሎ ሊመጣ ስለሚችል «ምርመራው ምንም የለበትም አለ» ብላችሁ ወደ ቤት አትመለሱ። ነርቩ መልእክት እንዴት እንደሚያስተላልፍ በኤሌክትሪክ የሚለካ ምርመራም አለ።

ከፖሊዮ ጋር መምታታቱ ለአዋቂም አይቀርም። በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ፍራንክሊን ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1921 በ39 ዓመቱ ሰውነቱ ሲሽመደመድ ፖሊዮ ነው ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2003 ግን ተመራማሪዎች ምልክቶቹን እንደገና አይተው ጊያን-ባሬ ሳይሆን አይቀርም ብለዋል። ክርክሩ አልተቋጨም።

ስለ ስሙ የሚጠይቅም አለ። እ.ኤ.አ. በ1916 ሁለት ወታደሮች ላይ ያዩትን የጻፉት ጊያን፣ ባሬ እና ስትሮል የተባሉ ሦስት የፈረንሳይ ሐኪሞች ናቸው። የነርቭና የጡንቻውን የኤሌክትሪክ ልኬት የሠራው ስትሮል ነበር። የእሱ ስም ግን ከበሽታው ስም ውስጥ ሳይገባ ቀረ። ያሳዝነኛል።

ይጋባል?

አይጋባም። በዘርም የሚወረስ አይደለም። እጁን ያዙት፣ አጠገቡ ተቀመጡ። ጉንፋን ይዟችሁ ከሆነ ግን አትምጡ። መጠንቀቅ ያለባችሁ ለራሳችሁ ሳይሆን ለእሱ ነው።

ምን አመጣበት?

ከ3 ታማሚዎች 2ቱ ያህል ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ተቅማጥ ወይም ጉንፋን መሳይ ነገር ይዟቸው ነበር። ከሁሉ በላይ ስሙ የሚነሳው ካምፒሎባክተር ጄጁኒ የተባለው፣ ሆድ የሚያውከው ባክቴሪያ ነው። የባክቴሪያው የላይ ቅርፊት የነርቭን ይመስላል። ሰውነት ባክቴሪያውን ሊመታ የሠራው መሣሪያ ነርቩንም ይመታል። ከሌሎች ኢንፌክሽኖች በኋላም ይከሰታል፤ ዚካ የተባለው ቫይረስ አንዱ ነው።

ስለ ክትባት የሚጠይቁ አሉ። ከጉንፋን ክትባት ጋር ተያይዞ የሚታየው ከ1 ሚሊዮን ክትባት 1 ወይም 2 ያህል ነው። በሽታው በአጠቃላይ ከ100,000 ሰዎች በዓመት 1 ወይም 2 ሰው ነው የሚይዘው።

ሌላው ሁሉ፣ ማለትም «ሥራ አበዛ»፣ «አዝኖ ነው»፣ «ምቀኛ ነው»፣ ከበሽታው ጋር አይገናኝም። አንዲት ሴትዮ ኮሪደር ላይ ሚስቱን «ምን አብልተሽው ነው?» አለቻት። ሴትዮዋ ሄዳ ረሳችው። ሚስቱ ለሦስት ሌሊት ያበላችውን ስትቆጥር አደረች። ምክንያት መፈለግ የሐኪም ሥራ ነው። ጠያቂ ምክንያት ሲፈልግ ጥፋተኛ ነው የሚያገኘው።

ይድናል? መቼ ይነሳል?

ከሁሉም የከበደኝ ጥያቄ ይህ ነው። የሚጠይቀው ሰው ቀን ነው የሚፈልገው። ቀን የለም።

ያለው ይኸው። ከ100 ሰዎች 80 ያህሉ በ6 ወር ውስጥ ሳይደገፉ ይራመዳሉ። ይህ ትልቅ ተስፋ ነው። ነገር ግን 20 ያህሉ በ6 ወር አይራመዱም ማለትም ነው። ጥሩ ሕክምና እያገኙም ከ100 ወደ 5 የሚሆኑት ይሞታሉ። ይህን ለታማሚው አልጋ ሥር ቆሞ የሚያወራ ሰው አጋጥሞኛል። እባካችሁ።

አሁን ወደ ሽቦው እንመለስ። የተላጠው ልባሱ ብቻ ከሆነ በሳምንታትና በወራት ይጠገናል። ሽቦው ራሱ ከተበጠሰ ግን ነርቩ እንደ አዲስ ማደግ አለበት። እድገቱ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከወገብ እስከ እግር ጣት 1 ሜትር ቢሆን ሒሳቡን ሥሩት። 1,000 ቀን ይመጣል። ለዚህ ነው አንዱ በ3 ወር ሥራ ሲገባ ሌላው በ2ኛው ዓመት ገና ቁልፍ ለመቆለፍ የሚታገለው። የስንፍና ወይም የብርታት ጉዳይ አይደለም። «የእከሌ ወንድም እኮ በ2 ወር ተነሳ» ማለት ለታማሚው የሚጠቅመው ነገር የለም።

ብዙ ጊዜ መጨረሻ የተያዘው ቀድሞ ይመለሳል። ትከሻና ዳሌ ቀድመው፣ ጣቶች መጨረሻ። ጓደኛችን ዊልቸር ላይ ራሱን ችሎ ከተቀመጠ በኋላ ማንኪያ ለመያዝ ብዙ ወር ፈጅቶበታል።

መድኃኒት የለውም? ደም ልስጥለት?

ሁለት ሕክምናዎች አሉ። አንዱ ኢሚዩኖግሎቡሊን፣ ማለትም ከሰው ደም የሚወጣ የመከላከያ ፕሮቲን ነው፤ በደም ሥር፣ ብዙውን ጊዜ ለ5 ቀን ይሰጣል። ሁለተኛው ፕላዝማ፣ ማለትም የደሙን ፈሳሽ ክፍል መቀየር ነው። ደሙ በማሽን ይወጣና ነርቩን የሚያጠቃው ነገር ያለበት ፈሳሽ ተወግዶ ሌላ ይተካለታል፤ ይህ በ1 ወይም በ2 ሳምንት ውስጥ 4 ወይም 5 ጊዜ ይደረጋል። የሁለቱም ጥቅም እኩል ነው። አንዱን ሰጥቶ ሌላውን መደረብ የተሻለ ውጤት አላሳየም፤ ስለዚህ «ሁለቱንም ለምን አይሰጡትም?» ብላችሁ ሐኪም አትጨቅጭቁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መጀመር ግን ለውጥ ያመጣል። ስቴሮይድ ለዚህ በሽታ አይረዳም።

ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚሠራው ከብዙ ሺህ ሰዎች ፕላዝማ ነው። ከእናንተ ክንድ ወጥቶ በቀጥታ ለእሱ አይገባም። ደም መስጠት ከፈለጋችሁ ግን ስጡ። የማያውቁት ሰው የሰጠው ነው ለጓደኛችን የደረሰው።

ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብቼ ልየው? ይሰማኛል?

ይሰማችኋል። በሽታው ነርቭና ጡንቻን እንጂ አእምሮን አይነካም። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ፊቱ ሳይንቀሳቀስ ተኝቶ እያንዳንዷን ቃል ሊሰማ ይችላል። ማስታገሻና ማስተኛ ስለሚሰጠው ሊወዛገብና ቅዠት ሊያይ ግን ይችላል። ጓደኛችን መስኮቱ ላይ በግ ቆሟል ብሎ ሁለት ቀን ሲፈራ ነበር። የነገረን ከወራት በኋላ ነው።

ሁለት ሰው እንጂ አስር ሰው አትግቡ። ስትገቡ ስማችሁን ተናገሩ። ቀኑንና ሰዓቱን ንገሩት፤ እዚያ ውስጥ ሌሊትና ቀን አይለይም። 10 ደቂቃ ይበቃል። ማሽኑ ጩኸት ሲያሰማ አትደንግጡ፣ ብትደነግጡም ፊታችሁ ላይ አይታይ። እሱ የሚያየው የእናንተን ፊት ነው።

መናገር አይችልም። እንዴት እናውራው?

ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ ስላለ ድምፅ የለም። እጁ ስለማይሠራ መጻፍ የለም። ፊቱም ስለደከመ ዓይን መጨፈን ያስቸግረዋል። የቀረችን የዓይን ብሌን ናት። ወደ ላይ ካየ «አዎ»፣ ወደ ታች ካየ «አይ»። ይህንን ወረቀት ላይ ጽፈን ከራስጌው ለጠፍን። አዲስ ነርስ ስትገባ እንድታውቅ።

አዎና አይ ለሁለት ቀን አገለገሉ። ከዚያ ግን እኛ ያልጠየቅነውን ሊነግረን ፈለገ። የእንግሊዝኛ 26 ፊደል አለው፤ የእኛ 33 ቤት በ7 ሲባዛ 231 ነው። ትልቁን የፊደል ገበታ ይዘን አንድ በአንድ ስንጠቁም አንድ ቃል ሳይጨርስ ደከመው። የሚስቱ እህት የሒሳብ ሰው ናት። ካርቶን አመጣችና ሞክሼ ፊደላቱን አወጣቻቸው፤ ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ፣ ፀ። 28 ቤት ቀረ። 28ቱን በ4 መደብ፣ ለእያንዳንዱ 7 አድርጋ ጻፈች። መጀመሪያ መደቡን እንጠይቃለን። ከዚያ ቤቱን። ከዚያ ስንተኛው ነው እንላለን። አማርኛ ላይ ሳድስ ስለሚበዛ ቆጠራውን ከሳድስ ጀመርን። አንድ ሰው ይጠይቃል፣ አንድ ሰው ይጽፋል።

የመጀመሪያውን ቃል ሁላችንም ትንፋሻችንን ውጠን ጠበቅን። ኑዛዜ መስሎን ነበር። ት። ራ። አንዱ ጓደኛችን «ትራንስፖርት ነው! መኪናውን ማን ያዘው እያለ ነው!» አለ። ዓይኑ ወደ ታች ወረደ። ስ።

ትራስ። ተረከዙ ሥር የገባው ትራስ ተንሸራቶ ኖሯል፤ ከማለዳ ጀምሮ ሲያቃጥለው።

እዚህ ላይ የምመክረው አንድ ነገር ነው። ቃሉን ቀድማችሁ አትጨርሱለት። የቀረችው ነገር የራሱን ቃል ራሱ መጨረስ ናት።

ምን ልርዳ?

«የሚያስፈልግ ነገር ካለ ንገሩኝ» አትበሉ። ከልብ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ያቺ ሚስት ምን እንደሚያስፈልጋት ለማሰብ፣ ከዚያ ደግሞ ማንን እንደምታስቸግር ለመምረጥ ጉልበት የላትም። «ሐሙስ ከሰዓት እኔ እቀመጣለሁ፣ አንቺ ተኚ» በሉ።

እኛ በመጀመሪያው ወር የሠራነውን ስህተት ልንገራችሁ። ሁለት ሰው ብቻ በሚገባበት ክፍል ደጃፍ በአንድ ቀን 40 ሰው ቆጥሬያለሁ። ሁሉም ከሥራ አስፈቅዶ የመጣ ነው። የሚሠራው ግን የለም፤ ሐኪሞቹ ናቸው የሚሠሩት። በ4ኛው ወር ወደ ቤት ሲመለስ፣ ሰው በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ ሦስት ቀረን። ሰው ከፍቶ አይደለም። ሁሉም ያለውን ጉልበት መጀመሪያ ላይ ጨርሶታል።

ስለዚህ ደብተር ገዛን። ተራ ባለመስመር ደብተር። 6 ወር ወደፊት ቀን ጻፍንበትና ለሚደውል ሁሉ «አሁን ሞልቷል፤ በ5ኛው ወር ማክሰኞ ማክሰኞ ትመጣለህ?» ማለት ጀመርን። የሚገርመው ሰው ደስ ይለዋል። ቀን ሲሰጠው ግራ መጋባቱ ያበቃል።

ደብተሩ ላይ የነበሩት ሥራዎች ትንንሽ ናቸው። ልጆች ማድረስና ማምጣት። የመብራትና የውኃ ሒሳብ። ከመሥሪያ ቤቱ የሕመም ፈቃድ ወረቀት መጨረስ። ፊዚዮቴራፒ መውሰድ፤ ይህ ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ አንዱ ጠንካራ ትከሻ ያለው። የቤቱን በር ደፍ ማንሳትና መጸዳጃው ግድግዳ ላይ የብረት መያዣ መትከል። ሌሊት ማደር። አንዱ ሰው ደግሞ ሥራው ስልክ ብቻ ነበር። በየማታው አንድ አጭር መልእክት ለሁሉም ይልካል፤ ሚስቱ ስልኳን ትዘጋለች። ከሁሉ የጠቀመን ያ ነው ብዬ አስባለሁ።

ገንዘብ እንዴት እንሰብስብ?

አንድ ሒሳብ፣ ሁለት ፈራሚ፣ በየወሩ ለሰጪዎች የሚላክ ዝርዝር። እኛ ጋ መጀመሪያ ላይ ሁለት ቡድን ሳይተዋወቅ እየሰበሰበ ነበር። የጠፋ ሳንቲም የለም። ሐሜቱ ግን ሳምንት ፈጀ።

ሁሉንም ለሆስፒታል አታውጡት። ማገገሙ ረጅም ነው፤ ፊዚዮቴራፒ አለ፣ የቤት ወጪ አለ፣ ሚስቱ ከሥራ የቀረችበት አለ። ግማሹን ለኋላ ያዙ።

ፎቶውን ደግሞ ሳታስፈቅዱት አትለጥፉ። ከእኛ አንዱ ቱቦ አፉ ውስጥ እያለ የተነሳውን «ለወገናችን እንድረስ» ብሎ ለቀቀው። ገንዘብ አመጣ፣ አልዋሽም። ጓደኛችን ከወራት በኋላ ስልክ መያዝ ሲችል መጀመሪያ ያየው እሱን ነው። ለዚያ ልጅ እስካሁን ልቡ አልተመለሰለትም።

ልሸው? ላገላብጠው?

መጀመሪያ እሱን ጠይቁ። ድንዝዝ ያለ አካል የማያም ይመስላል። በተቃራኒው ነው፤ ብዙዎቹ ከባድ የነርቭ ሕመም አለባቸው። ማታ ማታ አንሶላ ሲነካው እንደ እሳት ነበር የሚለው። ሕመም ካለው ለሐኪሙ ንገሩ፤ ለነርቭ ሕመም የተለየ መድኃኒት አለ።

መገላበጥ በየ2 ሰዓቱ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ቆዳው ይቆስላል። አገላበጡን ግን ከነርሷ ወይም ከፊዚዮቴራፒስቱ ተማሩ። ክንዱን ይዛችሁ አትጎትቱ። ትከሻውን የሚይዘው ጡንቻ ስለላላ በቀላሉ ይጎዳል። እግሩ ወደ ፊት ወድቆ እንዳይደርቅ የቁርጭምጭሚት መደገፊያ ይደረግለታል፤ ቅር ቢለውም አታውልቁለት።

ምን ልበለው? «አይዞህ» ይበቃል?

«አይዞህ» ክፋት የለውም። «አንተ እኮ ጠንካራ ነህ» ግን ተጠንቀቁባት። የተባለው ሰው ማልቀስ ይከለከላል። ሲያለቅስ ዝም ብላችሁ ቁጭ በሉ። መሐረብ ያዙለት፤ እጁ ስለማይሠራ እንባው ጆሮው ውስጥ ነው የሚገባው። ይህን እኔም እስካይ ድረስ አላውቅም ነበር።

ከጠያቂዎቹ ሁሉ የሚወደው አንድ ሰው ነበር። በየእሁዱ ይመጣና የሳምንቱን የኳስ ውጤት ያነባል። ሆን ብሎ የጓደኛችንን ቡድን ይሳደባል። ስለ በሽታው አንድም ቀን ጠይቆት አያውቅም። ቱቦው ወጥቶ ድምፁ ሲመለስ መጀመሪያ የተሰደበው እሱ ነው።

እሱ ባለበት ስለ እሱ «ይበላል? ይተኛል?» ብላችሁ ሚስቱን አትጠይቁ። ራሱን ጠይቁ። ዊልቸር ላይ ያለ ሰው ጆሮ አለው።

እንዲበረታ ልገፋፋው?

አይሆንም። ልምምዱ ያስፈልገዋል፤ መጠኑን የሚወስነው ግን ፊዚዮቴራፒስቱና የእሱ ድካም ናቸው። የተጎዳ ነርቭ ከአቅም በላይ ሲሠራ ጡንቻው ለቀናት ይልፈሰፈሳል። ትናንት 10 እርምጃ ሄዶ ዛሬ 4 ቢሄድ ወደ ኋላ ተመለሰ ማለት አይደለም።

ድካሙ የሚባለው ነገር ደግሞ እናንተ ከሥራ ስትመለሱ የሚሰማችሁ አይደለም። ከታማሚዎቹ ብዙዎቹ፣ ከግማሽ በላዩ፣ መራመድ ከቻሉ በኋላም ለዓመታት ከባድ ድካም አለባቸው። ከውጭ ሲታይ ድኗል። ሸሚዙን ለብሶ ፈገግ ብሎ ይቀበላችኋል። ስትወጡ ሁለት ሰዓት ሙሉ ይተኛል። «ደህና ነህ እኮ» የሚሉት ሰዎች ያበሳጩታል፤ ልክ ነው።

አስታማሚዋስ?

የሚጠይቀኝ ሰው ጥቂት ነው፤ ለዚህ ነው እዚህ ያስገባሁት። ሚስቱ በ3ኛው ወር ከእሱ በላይ ከሳች። ስትጠየቅ «እኔ ምን ሆንኩ» ትላለች። በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ከቤት ማስወጣት ነበረብን። ማስወጣት ነው የምለው፤ ገፍተን። የመጀመሪያውን ቀን እህቷ ቤት ሄዳ 9 ሰዓት ሙሉ ተኛች። ልጆቹንም አትርሱ። ትልቁ ልጅ «አባቴ ይሞታል?» ብሎ የጠየቀው እናቱን ሳይሆን የሚያደርሰውን ጎረቤት ነው። መኪና ውስጥ፣ ወደ ፊት እያየ።

ወደ ሥራው ይመለሳል?

ብዙዎች ይመለሳሉ፤ አንዳንዶቹ ወደ ሌላ ዓይነት ሥራ። የሊቨርፑሉ ተከላካይ ጀርመናዊው ማርኩስ ባብል እ.ኤ.አ. በ2001 ይህ በሽታ ይዞት ዊልቸር ላይ ተቀምጦ ነበር። ከ2 ዓመት በኋላ ለሌላው የእንግሊዝ ቡድን ለብላክበርን ተሰልፎ ተጫውቷል። ጓደኛችን ይህን ሲሰማ «እኔ እኮ ሲጀመርም አልችልም ነበር» አለ።

ለቀጣሪ የምለው፦ በግማሽ ቀን ይጀምር፣ ከምሳ በፊት። አረፍ የሚልበት ወንበር ይኑር። ጣቶቹ ገና ከሆኑ በድምፅ የሚጻፍበት ስልክ ይበቃዋል።

ተመልሶ ይይዘው ይሆን?

አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። ከ100 ከ2 እስከ 5 የሚሆኑት ላይ ብቻ ይደገማል። ሲደክመው ወይም ሲያተኩሰው የድሮው መደንዘዝ ብቅ ሊል ይችላል፤ ያ ብቻውን ተመለሰ ማለት አይደለም። ድክመቱ እየባሰ ከሄደ ግን ወደ ሐኪም ነው። ከ8 ሳምንት በላይ እየባሰ የሚሄድ ከሆነ ሐኪሞች ሌላ፣ የሚቆይ ዓይነት የነርቭ በሽታ ይጠረጥራሉ፤ ሕክምናውም ይለያል።

ማስታመሙ መቼ ያበቃል?

ቀን ቆርጠን አልጨረስንም። ደብተሩ ሁልጊዜ ከራስጌው ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው የሚቀመጠው። በ14ኛው ወር አንድ ሐሙስ እንደ ልማዴ ስሄድ ራሱ በሩን ከፈተልኝ። በምርኩዝ፣ ቀስ ብሎ። ቁጭ ስንል ደብተሩን አንስቶ እስክሪብቶ ፈለገ። በጣቶቹ መሃል ሳይሆን በጡጫው ጨብጦ ያዘው። የሐሙሱን ሰው ስም፣ የእኔን፣ አጣመመና ሰረዘው።

«ሐሙስ አትምጣ» አለኝ። «ሐሙስ እኔ ቤት አልኖርም።»